ሌሊት የገቡ መኪኖች ለምን በዋዜማው ቀን ይቆጠራሉ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «ቡሬ ላለ አንድ የእህል መጋዘን የመኪና ሚዛን ሲስተም ሠርቻለሁ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ ሰርቨሩን የተከራየነው ጀርመን ነው። የተመዘነበት ሰዓት የተቀመጠው ታይም ዞን ባለው ታይምስታምፕ ነው። የቀን ሪፖርት ሲወጣ ሌሊት የገቡ መኪኖች በዋዜማው ይቆጠራሉ፤ ሂሳብ ክፍል በየጠዋቱ ይጨቀጭቀኛል። መረጃው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ሪፖርቱ ይንቀራፈፍ ጀመር። በቀን ኢንዴክስ ልሥራ ብል ‹ፈንክሽኑ ኢሚውተብል መሆን አለበት› ብሎ እምቢ አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ ታይም ዞኑን አውጣው ይላል፤ ሌላው ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ አስቀምጠው ይላል። የቱን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አትስማ። ኮለምህ እንዳለ ይቀመጥ። አቀማመጥህ ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው አጠያየቅህ ላይ ነው። ደስ የሚለው ነገር የተሳሳተው ቀንም፣ መንቀራፈፉም፣ የኢንዴክሱ እምቢታም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። አንዱን ስታስተካክል ሦስቱም ይለቁሃል።

መኪኖቹ ወደ ኋላ የሚሄዱት እንዲህ ነው። ፖስትግሬስ ታይም ዞን ባለው ታይምስታምፕ ውስጥ ታይም ዞኑን አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው አንድ ቅጽበት ብቻ ነው፣ በዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት)፣ በ8 ባይት። ስታስገባ ወደ ዩቲሲ ይቀይረዋል፤ ስታወጣ ደግሞ ሴሽኑ (ከዳታቤዙ ጋር የከፈትከው ግንኙነት) የተሞላበትን ዞን አይቶ በዚያ ያሳይሃል። ከወምበርማ በቆሎ የጫነ ሲኖ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ጥር 15 ቀን 2017፣ ሌሊት 8፡30 ሚዛን ላይ ወጣ እንበል። በፈረንጁ ጃንዋሪ 23 ቀን 2025፣ 02፡30 መሆኑ ነው። እኛ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ጃንዋሪ 22፣ 23፡30 ነው። ሴሽኑ ዩቲሲ ላይ ሆኖ ኮለሙን ወደ ቀን ስትቀይረው 22 ብሎ ይሰጥሃል። ጥር 14 ማለት ነው። በቃ፣ ሲኖው ሳይመጣ መጣ።

በዩቲሲ ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የገባው ሁሉ በዋዜማው ይያዛል፤ ከ9 ወዲህ የገባው ግን ልክ ይሆናል። ሂሳብ ክፍል «አንዳንዱ ይሳሳታል አንዳንዱ አይሳሳትም» ቢሉህ አይዋሹህም። የሰርቨሩ ኮንፊግ በርሊን ላይ ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ይምታታል፤ ጀርመን ብርድ ሲሆን ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲያስኬዱ ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ከሁሉ በፊት «ሾው ታይምዞን» ብለህ አሁን የት እንዳለህ እይ። ከራስህ ላፕቶፕ ሳይሆን አፕሊኬሽኑ ከሚጠቀምበት ኮኔክሽን እየው፤ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

አሁን ወደ እምቢታው። ኢንዴክስ አስቀድሞ ተሰልቶ ተደርድሮ የሚቀመጥ ነገር ነው። ዛሬ የተሰላው መልስ ነገም ከነገ ወዲያም ያው መሆን አለበት፤ ኢሚውተብል የሚባለው እንዲህ ያለው የማይለዋወጥ ነው። አንተ ግን «ይህን ቅጽበት ወደ ቀን ቀይረህ ደርድርልኝ» ስትለው መልሱ በሚጠይቀው ሴሽን ይለያያል። ከቡሬ የጠየቀ ጥር 15 ይለዋል፤ ከሰርቨሩ የጠየቀ ጥር 14 ይለዋል። የቱን ይደርድር? ፖስትግሬስ «ኢሚውተብል አይደለም» ሲልህ ይኼንኑ ነው የሚነግርህ። ስህተትህን ከሂሳብ ክፍል ቀድሞ ያየልህ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ብልሃት ያገኘ ይመስለዋል። የራሱን ፈንክሽን ይጽፍና ውስጡ ያንኑ ቅየራ አድርጎ «ኢሚውተብል ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ፖስትግሬስ አምኖ ይቀበላል፣ አያጣራም። ኢንዴክሱ ይሠራል፣ ፈጣንም ይሆናል። ከዚያ አንድ ረድፍ ከአፕሊኬሽኑ በዩቲሲ ሴሽን ይገባል፣ ሌላ ረድፍ አንተ ከላፕቶፕህ በአዲስ አበባ ሴሽን ታስገባለህ፤ ሁለቱ ኢንዴክሱ ውስጥ በተለያየ ሕግ ይቀመጣሉ። ሪፖርቱ አንዳንድ ቀን መኪና ይጎድለዋል፣ ኢንዴክሱን ስታጠፋው የጎደለው ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር ስትፈልግ ሳምንት ይበላሃል፤ ለጠላቴም አልመኘው።

መፍትሔው ይኼን ሁሉ አይፈልግም። ኢንዴክሱን በራሱ በኮለሙ ላይ ሥራ፣ ተራውን ቢትሪ፣ ዓይነት ካልመረጥክለት ፖስትግሬስ ራሱ የሚሠራውን። ምንም ቅየራ፣ ምንም ፈንክሽን የለበትም። ከዚያ ኩዌሪህን (ለዳታቤዙ የምታቀርበውን ጥያቄ) ገልብጠው። አሁን የምትጠይቀው «የእያንዳንዱን መኪና ሰዓት ወደ ቀን ቀይረህ ጥር 15 የሆነውን አምጣ» ብለህ ነው። ዳታቤዙ ይህን ለመመለስ ያለውን ረድፍ ሁሉ አንድ በአንድ መቀየር አለበት፤ የተንቀራፈፈው ለዚያ ነው። በእሱ ፋንታ ቀኑን ራስህ ወደ ሁለት ቅጽበት ቀይረህ ስጠው። ከጃንዋሪ 23፣ 00፡00 ፕላስ 03 ጀምሮ፣ ከጃንዋሪ 24፣ 00፡00 ፕላስ 03 በፊት ያለውን። በዩቲሲ ከ22 ቀን 21፡00 እስከ 23 ቀን 21፡00 ማለት ነው፤ ፖስትግሬስ ራሱ ይቀይረዋል። ኮለሙ ሳይነካ ቀረ፣ ቅየራው ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ፣ ኢንዴክሱም ሥራውን ይሠራል። ሴሽኑ ዩቲሲ ይሁን በርሊን መልሱ አይለወጥም፤ ፕላስ 03ቱን አንተ ጽፈህለታላ።

አጻጻፉን ልብ በል። መነሻው «ይበልጣል ወይም እኩል ነው»፣ መድረሻው «ያንሳል» ብቻ። ቢትዊን አትጠቀም። ቢትዊን ሁለቱንም ጫፍ ያካትታል፤ ስለዚህ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የተመዘነ መኪና በሁለት ቀን ሪፖርት ይወጣል። ይህን ለመሸሽ መጨረሻውን 23፡59፡59 የሚያደርጉ አሉ። የፖስትግሬስ ሰዓት ግን እስከ ማይክሮ ሰከንድ ይወርዳል፤ በዚያች የመጨረሻ ሰከንድ መሀል የገባ መኪና የትም ሳይቆጠር ይቀራል። አንድ ተሳቢ በቆሎ ስንት ኩንታል እንደሚይዝ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከሪፖርት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣም እንደዚያው።

መጋዘኑ ከአንድ በላይ ከሆነና ሪፖርቱ ሁልጊዜ በመጋዘን የሚጠየቅ ከሆነ ኢንዴክሱን በሁለት ኮለም ሥራው፤ መጋዘኑ ይቅደም፣ ሰዓቱ ይከተል። እኩል የሚጠየቀው ፊት፣ ከዚህ እስከዚህ የሚባለው ኋላ። ብሪን የሚባለውን ኢንዴክስ ሲያወድሱ ትሰማ ይሆናል። በጣም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ረድፉ በሰዓት ቅደም ተከተሉ የሚገባ ትልቅ ቴብል ላይም ጥሩ ነው። አንተ ጋ ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ሚዛን ቤቱ ያለው ኮምፒውተር አጠራቅሞ በኋላ የሚልክ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይበጣጠሳል። በቢትሪው ቆይ።

የወሩን ሪፖርት በየቀኑ ከፋፍለህ ስትፈልግስ? ማጣሪያው አሁንም ያው ሁለት ቅጽበት ነው። ቡድን ስትሠራ ብቻ ሰዓቱን «አት ታይም ዞን» ብለህ በአዲስ አበባ ዞን ስም ቀይረህ ወደ ቀን አውርደው። ዞኑን በስም ስለጠራኸው መልሱ በሴሽን አይለያይም፤ ፖስትግሬስም ይህንኛውን ቅየራ ኢሚውተብል ብሎ ይቀበለዋል። ስለዚህ የግድ በቀን ኢንዴክስ እፈልጋለሁ ካልክ በዚህ መንገድ ይሠራልሃል። ለአንተ ግን አያስፈልግህም ባይ ነኝ።

ዞኑን በስም ጥራው ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን ሰዓት ወደፊት ወደኋላ አታደርግም፤ ዘላለም ፕላስ 3 ነን፣ ታዲያ ለምን «ዩቲሲ ፕላስ 3» ብዬ አልጽፍም ትል ይሆናል። ጻፍና እየው። «አት ታይም ዞን» ላይ «ዩቲሲ ፕላስ 3» ብለህ በጽሑፍ ከሰጠኸው ፖስትግሬስ የሚያነበው በፖሲክስ (በዩኒክስ ስታንዳርድ) ሕግ ነው፤ በፖሲክስ ደግሞ ፕላስ ማለት ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ነው። ሦስት ሰዓት መቅደም ሲገባህ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለህ፤ በድምሩ 6 ሰዓት ተሳሳትክ። የሊኑክሱ «ጂኤምቲ ፕላስ 3» የሚባለው ዞንም እንደዚሁ የተገለበጠ ነው። ቅድም ከቀኑ መጨረሻ ላይ የጻፍነው ፕላስ 03 ግን ልክ ነው፤ የሚገለበጠው እንደ ዞን ስም ስትሰጠው ነው።

ይኼ ስህተት ሌላ አገር ቢሆን ወዲያው ይታወቅ ነበር። እኛ ጋ ግን 6 ሰዓት ማለት በፈረንጁና በእኛ ሰዓት አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተመዘነው መኪና በፈረንጁ 09፡00 ነው፤ ዞኑን ገልብጠህ ስታየው 03፡00 ይልሃል። «ጎሽ፣ በሐበሻ ሰዓት አሳየኝ!» ብለህ ደስ ብሎህ ትተኛለህ። ሆን ብለው ሰርቨሩን ወይ ስልኩን ብራዚል አካባቢ ባለ ዞን ሞልተው በሐበሻ ሰዓት የሚጠቀሙም አይቻለሁ። ቀኑ ግን የሚለወጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የገባው በሙሉ ወደ ዋዜማው ሄደ ማለት ነው። መጀመሪያ የነበረህ ችግር የ3 ሰዓት ነበር፤ አሁን 6 ሆነልህ። የሐበሻ ሰዓት ስክሪን ላይ የሚሠራ ቅየራ ነው፤ ወደ ታይም ዞን አታስገባው።

ወደ መጀመሪያው ጓደኛህ ልምጣ። ታይም ዞኑን ብታወጣው፣ ማለትም ኮለሙን ወደ ተራ ታይምስታምፕ ብትቀይረው፣ ኢንዴክሱ እውነትም ያለ ምንም እምቢታ ይሠራል። ምክሩ የሚጥመው ለዚህ ነው። ግን እምቢታው የጠፋው ዳታቤዙ የማን ሰዓት እንደሆነ ማወቅ ስላቆመ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀመጠው የአንድ ግድግዳ ሰዓት ንባብ ብቻ ነው፤ የማን ግድግዳ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጀርመኑ ሰርቨር በራሱ ሰዓት ከሞላው ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ኦክቶበር 26 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 16 ቀን 2018፣ ጀርመኖች ሰዓታቸውን ከ3 ወደ 2 መለሱ። በዚያች ሌሊት አንድ መኪና በእኛ ሌሊት 9፡50 ገብቶ ተመዘነ፣ አራግፎ 10፡20 ወጣ እንበል። ግማሽ ሰዓት ቆየ። በበርሊን ሰዓት ግን የገባው 02፡50 ነው፣ የወጣው 02፡20። መኪናው ከመግባቱ ከ30 ደቂቃ በፊት ወጣ! የመግቢያና የመውጫ ክብደት አጣምሮ የተጣራውን የሚያወጣው ኮድህ ሰዓትን ተከትሎ ከሆነ የሚያጣምረው፣ ባዶውን መኪና ሙሉ፣ ሙሉውን ባዶ አድርጎ ያቀርብልሃል። በዩቲሲ የተቀመጠ ቅጽበት ይህ አይደርስበትም፤ ዩቲሲ ወደ ኋላ አይመለስም።

ምናልባት ምክሩን ሰምተህ ቀይረኸው ከሆነ መመለስ ይቻላል። የኮለሙን ዓይነት ስትመልስ ሰዓቱ በየትኛው ዞን እንደተጻፈ በግልጽ ንገረው፤ ካልነገርከው በሴሽንህ ዞን ይገምታል። ባክአፕ ያዝ። ቅየራው ቴብሉን ይቆልፋል፣ ትልቅ ከሆነ ይቆያል፤ ስለዚህ መኪና በማይገባበት ሰዓት አድርገው። በርሊን ሰዓት ላይ ከነበርክ ያቺ የተደገመች አንድ ሰዓት በእጅህ ትታያለች፣ በረድፎቹ ተራ ቁጥር ቅደም ተከተል።

ሁለተኛው ጓደኛህ ልቤን ይነካኛል፣ ምክንያቱም ሐሳቡ ከደንበኛው የመጣ ነው። መጋዘኑ የሚያስበው በጥርና በየካቲት ነው፣ የሂሳብ ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ለምን በዚያው አይቀመጥም? በጽሑፍ 15/5/2017 ብለህ ካስቀመጥከው ድርደራው የፊደል ድርደራ ይሆናል፤ ከ1ኛው ቀን ቀጥሎ 10ኛው፣ 11ኛው ይመጣል። እሺ፣ ዓመቱን አስቀድሜ 2017-05-15 ልጻፈው ብትል ድርደራው ይስተካከላል። ግን «ያለፉት 30 ቀናት» ሲሉህ ማን ይቀንስልሃል? ጳጉሜን ማን ይዘላል? ደግሞ ይህንን የሚያይ ሌላ ፕሮግራመር ሜይ 15፣ 2017 ነው ብሎ ያነበዋል። ሁለቱም ትክክለኛ ቀን ስለሚመስሉ ማንም አይነቃም።

ከዚህ የባሰው የኢትዮጵያውን ቀን በቀን ዓይነት ኮለም ውስጥ መጨመር ነው። ይሠራልና ያታልልሃል። መስከረም ያልፋል፣ ጥቅምትም ይጀምራል። ከዚያ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ይደርሳል። ዳታቤዙ ይህን የሚያነበው ፌብሩዋሪ 29፣ 2018 ብሎ ነው፤ በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ላይ አለቀ። እምቢ ይላል፣ ሚዛን ቤቱ በር ላይ መኪና ይሰለፋል። በማግስቱ 30ም እምቢ። ኅዳር 1 ሲሆን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። 13ኛው ወርማ ጭራሽ አይታሰብም።

የወሩን ሪፖርት የምታወጣው እንደ ቀኑ ነው፤ ወሩን ወደ ሁለት ቅጽበት ትቀይረዋለህ። ጥር 2017 ማለት ከጃንዋሪ 9 ቀን 2025፣ 00፡00 ጀምሮ ከፌብሩዋሪ 8፣ 00፡00 በፊት ነው፣ በፕላስ 03። ቅየራውን በየኩዌሪው አትጻፍ። አንድ ትንሽ የዘመን ቴብል ሥራ፤ በአንድ ኮለም የፈረንጁ ቀን፣ ከጎኑ የእኛ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና የሂሳብ ዓመት። በዓመት 365 ወይም 366 ረድፍ ናት፤ የሃምሳ ዓመት ብትሞላ ዳታቤዙ አያውቃትም። ስትሞላት አራት አራት ዓመቱን እንዳትረሳ። ጳጉሜ 2019 6 ቀን ነው ያላት፣ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ ይውላል እንጂ 11 ላይ አይደለም። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የተጻፈ ኮድ ስንት ቦታ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

አሁን ቴክኒኩን ትተን አንድ ነገር ሂሳብ ክፍሉን ጠይቅ። ለእነሱ «ቀን» መቼ ነው የሚያልቀው? እስካሁን እኩለ ሌሊት ብዬ የሄድኩት ሪፖርቱ እንደዚያ ይፈለጋል ብዬ ነው። የሌሊት ፈረቃ ካላችሁ ግን ማታ 12 ሰዓት የገባው ሠራተኛ ጠዋት 12 ሰዓት ሲያስረክብ ሌሊቱን ሙሉ የመዘነውን የሚቆጥረው በገባበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሌሊት 8፡30 የመጣው ሲኖ ለሾፌሩ የሐሙስ ነው፤ ለመዛኙ የረቡዕ ፈረቃ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህንን ታይም ዞን በማስተካከል አትፈታውም፤ ውሳኔው የመጋዘኑ ነው። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይስጡህ፣ ምክንያቱም ኃላፊ ሲቀየር ትዝታም ይቀየራል።

በፈረቃ ይቆጠር ካሉህ ሌላ ኮለም ጨምር፣ «የሥራ ቀን» በለው፣ ዓይነቱ ተራ ቀን ይሁን። ተራ ቀን ታይም ዞን ስለሌለው ያለ ምንም ጣጣ ኢንዴክስ ይሠራበታል። አሞላሉ ቀላል ነው፤ ሰዓቱን በአዲስ አበባ ዞን ቀይር፣ 6 ሰዓት ቀንስ፣ ወደ ቀን አውርድ። ከፖስትግሬስ 12 ወዲህ ይህንን ራሱ ዳታቤዙ እየሰላ እንዲያስቀምጥ በጀነሬትድ ኮለም ማድረግ ትችላለህ። ፈረቃው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ባትሰላው ይሻላል፤ መኪናው ሲመዘን የነበረውን ፈረቃ አፕሊኬሽኑ በቀጥታ ይጻፈው። አለበለዚያ የፈረቃው ሰዓት የተቀየረ ዕለት የአምናው ሪፖርት አብሮ ይቀየራል። የተመዘነበትን ቅጽበት ግን በምንም ምክንያት አትተካው። እሱ ማስረጃህ ነው።

ስለ ማስረጃ ካነሳን፣ አንድ ሰዓት ብቻ መያዝ አይበቃም። ሚዛኑ የለካበት አንድ፣ ሰርቨሩ የተቀበለበት ሌላ። ኔትወርክ ሄዶ ከርሞ ሲመለስ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ሪፖርትህ ሰርቨሩ የተቀበለበትን የሚያይ ከሆነ የሦስት ቀን በቆሎ በአንድ ቀን ገባ ይላል። ሪፖርቱ ሚዛኑ የለካበትን ይከተል። ሁለተኛው ለቁጥጥር ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሉታዊ ከሆነ፣ ማለትም ሰርቨሩ ከመለካቱ በፊት ከተቀበለ፣ የሚዛን ቤቱ ኮምፒውተር ሰዓት ተዛብቷል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲሞት ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል፤ ያኔ ልዩነቱ ከልክ በላይ ይተልቃል። እንዲህ ሲሆን ሲስተሙ ይጩህ እንጂ ዝም ብሎ አይቀበል።

በእጅ የሚጻፍ ሰዓት ካለ ደግሞ እሱን ቀድመህ አስወግደው። መዛኙ «8፡30» ብሎ ቢጽፍ ሌሊቱን ነው ወይስ ከሰዓቱን? በሐበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ? አራት መልስ አለው። የግድ ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ምርጫ አስገድደው፤ ቅየራውን አንተ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሥራ። የሾፌሩ የልደት ቀን ያለበት ፎርም ካለህ እሱን ተራ ቀን አድርገው፣ ታይምስታምፕ ውስጥ እንዳታስገባው። የአዲስ አበባ ዞን በዓለም አቀፉ የዞን ዝርዝር ውስጥ ዛሬ የናይሮቢ ተከታይ ነው፣ የናይሮቢ ታሪክ ደግሞ ከ1942 እ.ኤ.አ. ትንሽ ቀደም ሲል 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው የሚለው። የአንድ ሽማግሌ ልደት በ15 ደቂቃ ተንሸራቶ ወደ ዋዜማው ሊሄድ ይችላል። ይኼ ለአንተ ብዙም አይገጥምህም፤ ግን ሲገጥም ሰው ያሳብዳል።

ኋላውን (ሰርቨሩ ላይ የሚሠራውን ኮድ) በኖድ፣ ማለትም በጃቫስክሪፕት፣ ጽፈኸው ከሆነ አንድ ጉድጓድ ልጠቁምህ። ኮድህን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው የፖስትግሬሱ ድራይቨር ተራ የቀን ኮለም ሲያነብ የጃቫስክሪፕት ዴት አድርጎ፣ በማሽኑ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ይሰጥሃል። ያንን ወደ አይኤስኦ ጽሑፍ ስትቀይረው በዩቲሲ ነው የሚወጣው። ማሽኑ አዲስ አበባ ላይ ከተሞላ እኩለ ሌሊታችን በዩቲሲ የዋዜማው 21፡00 ነው፤ ጥር 15 እንደገና ጥር 14 ሆነልህ፣ ዳታቤዙ ምንም ሳያጠፋ። ድራይቨሩ ቀንን እንደ ጽሑፍ እንዲሰጥህ አድርገህ ሙላው።

ይህን የምታነቡ ማይኤስኪውኤል ተጠቃሚዎች፦ የእናንተው ታይምስታምፕ ወደ ዩቲሲ የሚቀይረው ነው፣ ዴትታይም የሚባለው አይቀይርም። ታይምስታምፑ ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ላይ ያልቃል፤ ብዙ ሰው ስለዚህ ዴትታይም መርጦ ዩቲሲ ብቻ ይጽፍበታል፣ ያም ያስኬዳል። ኤስኪውላይት የራሱ የቀን ዓይነት የለውም፤ ዩቲሲውን በቁጥር ወይም ወጥ በሆነ ጽሑፍ አስቀምጡ። ኢላስቲክሰርች ላይም የሚቀመጠው ዩቲሲ ነው፤ በቀን ስትከፋፍሉ ታይም ዞኑን ካልሰጣችሁት እንደዚሁ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቆርጥባችኋል።

ስትጨርስ እንዲህ ፈትነው። አራት የውሸት መኪና አስገባ፦ ሌሊት 5፡59፣ ሌሊት 6፡00፣ ሌሊት 8፡59፣ ሌሊት 9፡00። ከዚያ ሴሽኑን አንዴ ዩቲሲ፣ አንዴ በርሊን፣ አንዴ አዲስ አበባ ላይ እየሞላህ ያንኑ ሪፖርት አውጣ። ሦስቱም ጊዜ የመጀመሪያው መኪና በዋዜማው፣ ሦስቱ በማግስቱ መውደቅ አለባቸው። አንዱ እንኳ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ላይ ኮለሙን ያለ ዞን ስም ወደ ቀን የሚቀይር ኩዌሪ ተርፏል፤ ፈልገህ አውጣው።

ፍጥነቱን ደግሞ ዳታቤዙ ኩዌሪውን እንዴት እንደሠራው በሚያሳየው ትእዛዝ፣ በኤክስፕሌይን አናላይዝ እይ። የአንድ ቀን ሪፖርት ላይ ኢንዴክሱን መጠቀሙን ታያለህ። ሴክ ስካን (ቴብሉን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ) ካለህ ወዲያው አትደንግጥ፤ ቴብሉ ትንሽ ከሆነ ወይም የዓመቱን ሙሉ ከጠየቅከው ሁሉንም ማንበብ በእውነት ይቀለዋል። አንድ ቀን ብቻ ጠይቀህ፣ ቴብሉም ትልቅ ሆኖ፣ ቴብሉን አናላይዝ አድርገህም (ስታቲስቲክሱን አሳድሰህም) ሴክ ስካን ካልለቀቀህ ኩዌሪውንና የኤክስፕሌይኑን ውጤት ለጥፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።